ከግድቡ እስከ ምጣዱ፦ የአገር የኃይል ዕቅድ እንዴት ይነበባል?



መድረሳ የቀራን ሁሉ ሱራ ዩሱፍን እናውቃለን። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ የሰጡት መልስ ፍቺ ብቻ አልነበረም፤ የአሥራ አራት ዓመት ዕቅድም ነበረበት። ሰባት ዓመት እንዲዘራ፣ ከሚበላው ጥቂት በቀር የታጨደው ከነዘለላው እንዲቀመጥ፣ ተከታዮቹ ሰባት የችግር ዓመታት በዚያ እንዲታለፉ። እህል ከነዘለላው ሲቀመጥ ነቀዝ ቶሎ አይደፍረውም። ዕቅዱ እንዲቀመጥ ብቻ አላዘዘም፤ እንዴት እንደሚቀመጥም አመልክቷል። በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ኤሌክትሪክ ቢሆንም ይህ «እንዴት» የሚለው ጥያቄ አይለየንም።

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን የምታስቀምጠው በባትሪ ሳይሆን በውሃ ነው። ከምታመነጨው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ኃይል ይገኛል። ክረምት ሲገባ ግድቡ ይሞላል፤ በጋውን ሙሉ እየተቆጠበ ይወጣል። የዚህ ጎተራ አንዱ ትልቅ ክፍል ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሐዲያ ዞን የሚያበቃበት የጊቤና ኦሞ ወንዝ ነው።

ግልገል ጊቤ 1 በ1996 ዓ.ም. በ184 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ አንደኛው ተጠቅሞ የለቀቀውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ ቁልቁል ይጥለውና 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በጥር 2002 ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ለወራት ቆሟል (ሲቪል የምታጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ዋሻ ለብቻው ፈልጋችሁ ብታነቡት አትቆጩም)። ሦስተኛው 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ከእሱ በታች ደግሞ ኮይሻ አለ። እንግዲህ በግልገል ጊቤ የገባች አንዲት ጠብታ በመንገዷ ሦስት ጊዜ ተርባይን ታዞራለች፤ ኮይሻ ሲያልቅ አራተኛ ይጨመርላታል። የሚያስደንቅ አሠራር ነው። ድክመቱም ግን እዚያው ነው፤ በአንድ ተፋሰስ ዝናብ ሲያንስ ሁሉም አብረው ይደክማሉ።

ይህ በግንቦት 2011 ታይቷል። በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃው ቀንሶ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላትና መብራት በፈረቃ ሆነ። ግድቡ ከተመረቀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ በሌላ ተፋሰስ፣ በዓባይ ላይ መሆኑ ስጋቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ቢሆንም እሱም ውሃ ነው፤ ሰፊ ድርቅ ሁለቱንም ሊነካ ይችላል።

ዘለላው እዚህ ላይ ይመጣል። በአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት ነው። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያዎች አሉ። ከግድቦቹ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው፤ «ለዚህ ለዚህማ አንድ ተርባይን መጨመር ይሻላል» የሚል ክርክር ክፍል ውስጥ ሰምተናል። ክርክሩ የሚስተው ነጥብ አለ። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡ ተርባይን ረገብ ይልና ውሃው ለማታ፣ ለሚቀጥለው ወር፣ ለክፉ ዓመት ይቆያል። ነፋሱ የራሱን ኃይል ከመስጠቱ ሌላ የውሃውን ዕድሜ ያረዝማል። ክረምት ከበጋ የማይለየው የስምጥ ሸለቆው እንፋሎትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ዓመታት በአሉቶ ላንጋኖ ትንሽ ጣቢያ ተወስኖ ቆይቷል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ማመንጨት ነው። ጋዜጣም ቴሌቪዥንም የሚያወራው ይህንኑ ነው። የእኛ ሐሳብ ግን የኃይል ዕቅድ ከጭራው መነበብ አለበት የሚል ነው፤ ከምጣዱ ተነስቶ ወደ ግድቡ።

በኅዳር 2010 መንግሥት ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ በ2011 ተሻሽሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ቤተሰብ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከፀሐይና ከመሳሰሉት እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ዓመቱ ደርሶ አለፈ፤ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ግን አሁንም አላገኘም። ሜጋ ዋቱ ሲጨምር ቤት የሚደርሰው በዚያው ልክ ያልጨመረው ለምንድን ነው?

ከሾኔ፣ ከዱራሜ ወይም ከአንጋጫ የመጣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ የገጠር ጥያቄ አለ፦ «በአናታችን ላይ እያለፈ ለእኛ ለምን አይሰጠንም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ምህንድስና ነው። በትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ላይ የሚሄደው 132፣ 230 ወይም 400 ሺህ ቮልት ነው። ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው። በመካከል የማከፋፈያ ጣቢያ ተሠርቶ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ቮልት መውረድ፣ ከዚያ በእንጨት ምሰሶ ቀበሌ ለቀበሌ መዘርጋት፣ በየመንደሩ ትራንስፎርመር መሰቀል፣ በመጨረሻም ቆጣሪ መግባት አለበት። ከግድቡ ጋር ሲተያይ እያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ነው። ግን ብዛቱ በሺዎች ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለትም ብዙ ጊዜ አይደለም። ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው መሥሪያ ቤት በ2006 ለሁለት ተከፍሏል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ያከፋፍላል። ጭራው ያለው በሁለተኛው እጅ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ይህ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ማለት ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይጫንበት 28 ምጣድ ገደማ ብቻ ይችላል። ስለዚህ አንድን መንደር «200 ቤት ገብቶለታል» ብሎ የሚቆጥር ዕቅድ፣ ቤቶቹን የሚያያቸው በአምፖል ከሆነ ትራንስፎርመሩ ይበቃዋል፤ በምጣድ ከሆነ ግን አይበቃውም። ከ200ው 40ዎቹ በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል፣ ብዙም ሳይቆይ ፊውዙ ይሄዳል። ረመዷን ላይ ከመግሪብ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት አስቡት፤ ሙስሊም በሚበዛበት ሰፈር ሁሉም ቤት ወጥ ቤት ነው። በአገር ደረጃ አንድ መቶ ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢበራ 350 ሜጋ ዋት ነው፤ የግልገል ጊቤ 1 እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስለን። አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እስከ ዛሬ ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከገለባ ነው። በሐዲያና በከምባታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። እንሰት ከሚተከልበት ጓሮ ላይ ባህር ዛፍ ድርሻውን ይወስዳል። ቆጮውን የምትጋግር እናት ጭሱን በየቀኑ ትስባለች፤ ሸክሙ ደግሞ የእህቶቻችን ጀርባ ላይ ነው። አምፖል መግባቱ ለጥናት ትልቅ ነገር ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጭሱን ግን አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህን አይቶ የተሻሻለ ምድጃን ከግድብ እኩል ቀዳሚ ሥራ አድርጎት ነበር። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ በአሸዋና በሲሚንቶ እዚሁ ከተማ ሊሠራ ይችላል። ኤሌክትሪኩ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ስለ እሱ የሚወራው ማነሱ ይገርመናል።

የዕቅድን ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ ተጠቃሚው አለመሆኑም መነገር አለበት። ግልገል ጊቤ 3 ጎርፉን ስለያዘው በታችኛው ኦሞ ጎርፉ ሲሸሽ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ አርብቶ አደሮች ያንን እርሻ አጥተዋል። በሌላ በኩል ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ባለ 500 ሺህ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ያደርሳል። ወደ ውጭ መሸጡን አንቃወምም፤ ምሰሶና ትራንስፎርመር የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው። የምንጠይቀው የሽያጩ ገንዘብ ወደ ጭራው ምን ያህል ይመለሳል ብለን ነው።

በመጨረሻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ የኤሌክትሪካልና የሲቪል ተማሪዎች አንድ ሥራ እናቀርባለን። ትራንስፎርመር መንካት አያስፈልግም፤ አደጋም ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 20 ቤቶችን አስፈቅዳችሁ ምጣድ ያለውንና የሌለውን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጋገር መዝግቡ። በሦስት ቤቶች፣ ለትራንስፎርመሩ ቅርብ በሆነው፣ በመካከለኛውና በመጨረሻው፣ የሶኬቱን ቮልቴጅ በመልቲሜትር በየግማሽ ሰዓቱ ለካ ለካ አድርጉ፤ አንድ ሳምንት በረመዷን፣ አንድ ሳምንት በሌላ ወር። መመዝገቢያ ቅጹን አዘጋጅተናል፤ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከትምህርት ክፍሉ አስተባባሪዎች መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች ከደረሱን በሚቀጥለው እትም በሰንጠረዥ እናወጣቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።