የልጅ ቀለብ ውዝፍ ዕዳና የወላጆች የሥራ ዕድል በዩናይትድ ስቴትስ

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች የሚዘጋጁ የቅጥር ድጋፎች በአብዛኛው በሙያ ሥልጠና ላይ ያተኩራሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ግን የሠለጠነው ወላጅ ሥራ እንዳይዝ የሚያግደው መሰናክል አንዳንድ ጊዜ ከሕግ ይመነጫል። ከእነዚህ መሰናክሎች አንዱ የልጅ ቀለብ ውዝፍ ዕዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍላተ ግዛት ቀለብ ያልከፈለን ወላጅ የመንጃና የሙያ ፈቃድ የሚያግዱበት ሥርዓት እንዲዘረጉ ያስገድዳል። ድንጋጌው እያለው የሚሸሸውን ለማስከፈል ይረዳ ይሆናል፤ የሌለውን ግን መክፈያውን ይነጥቀዋል። በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ለሚተዳደር ኢትዮጵያዊ አባት የመንጃ ፈቃድ እገዳ ሥራ ከማጣት አይለይም። ሥራ ላይ ያለውም ቢሆን ከተጣራ ደመወዙ ከ50 እስከ 65 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል።

ይበልጥ የሚከብደው በ1986 የወጣው የብራድሌይ ማሻሻያ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ክፍያ ቀኑ ሲደርስ የፍርድ ዕዳ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም። ሊያሻሽል የሚችለው የማሻሻያ አቤቱታ መቅረቡ ለሌላው ወገን ከተገለጸበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ሥራውን ካጣ ከስምንት ወራት በኋላ አቤቱታ ያቀረበ አባት፣ ገቢ እንዳልነበረው ቢያረጋግጥም፣ የስምንቱ ወራት ዕዳ አይነሣለትም። ጠበቃው የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን ያለፈውን ወር አይመልስም።

ስለዚህ ድጋፉ መጀመር ያለበት ከችሎት ሳይሆን ከሥራ ሥልጠና ምዝገባ ነው። መዝጋቢው የቀለብ ትእዛዝ መኖሩን፣ ገቢው መቼ እንደተለወጠና መንጃ ፈቃዱ የጸና መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ቢጠይቅ ብዙ ዕዳ ሳይከማች ይቀራል። ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ችግርን በቃል መንገር አቤቱታ እንደማይተካም በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በተርነርና በሮጀርስ መካከል በነበረው ክርክር፣ ተቃራኒው ወገን ጠበቃ ባላቆመበት ጉዳይ፣ ባለመክፈሉ ሊታሰር ለሚችል ወላጅ መንግሥት ሁልጊዜ ጠበቃ የማቆም ግዴታ እንደሌለበት ወስኗል። ሆኖም የመክፈል አቅሙ በአግባቡ እንዲጣራ ጠይቋል። በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ እስራት በፈቃድ ሥራ እንደመተው እንዳይቆጠር ከልክሏል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ አስቀድሞ የተጠራቀመውን ዕዳ ግን አይሰርዙም።

በሌላው ወገን ያለችው እናትም በአብዛኛው ድሃ ናት። አንድ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አስቀድሞ እርሷን ከወከለ፣ በጥቅም ግጭት ምክንያት በዚያው ጉዳይ አባትየውን ሊወክል አይችልም። በአካባቢው ሌላ ማዕከል ከሌለ አባትየው አቤቱታውን የሚጽፈው ብቻውን ነው።