ሥራ፣ መሣሪያና ሠራተኛ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው! አፈሩ በዶማና በአካፋ ተቆፈረ፤ ብረቱ በሰው ትከሻ ተነሣ። ያ ድካም ተመልሶ ይምጣ የሚል አይኖርም። ይሁን እንጂ ከዚያ ድካም የድሬዳዋ ከተማ፣ በእርስዋም የባቡር ሙያ የሚያውቅ ሠራተኛ ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ በጥቂት ዓመታት ተሠራ። እርሱም ቢሆን ፈጣን ባቡር ከሚባሉት አይቆጠርም። በቻይና የፈጣን ባቡር ግንባታ 900 ቶን ገደማ የሚመዝን የድልድይ አካል አንድ መሣሪያ ብቻውን አንሥቶ በስፍራው ያስቀምጣል። እንግዲህ ሸክሙ ከተነሣለት ሠራተኛ ጋር ሙያውና እንጀራውም አብረው ይነሡበት ይሆን? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ መሣሪያ የሰው ረዳት መሆኑን ተቀብለው፣ ሠራተኛውን ከሥራው ሲያፈናቅልና የሥራውን ደስታ ሲነሣው ግን እንደ ጠላት ሊሆንበት እንደሚችል አስተምረዋል። ሥራ የተሠራው ለሰው ነውና። በአዲሱ መስመር የቻይና ኩባንያዎች ያካሂዱት የነበረውን አገልግሎት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሙሉ በሙሉ የተረከቡት በ2024 ነው። ሐዲዱን ከመዘርጋት ይልቅ ዕውቀቱን ማስረከብ ረዘመ ማለት ይቻላል። እኛ ግን ዋናው ግንባታ ይህ ሁለተኛው ይመስለናል።

ባቡር በዕቅድ ቢታሰብም ጅማ ገና አልደረሰም። ጥያቄው ግን ባቡሩን አልጠበቀም። የቡናውን ፍሬ በካሜራ እያየ፣ የተበላሸውን በአየር ግፊት እየተፋ የሚለይ መሣሪያ በዓለም የቡና ንግድ የታወቀ ሆኗል። በአወቱ መንደራም ሆነ በአጎራባች የቡና ከተሞች ቡና በእጅ ለቅማ ልጆችዋን የምታሳድግ እናት ምን እንደሚያመለክታት ግልጽ ነው። መሣሪያው አይግባ አንልም፤ ጀርባዋንና ዓይንዋን ያሳርፋልና። ነገር ግን መሣሪያውን የሚገዛ ባለሀብት ዋጋውን ሲተምን፣ የእርስዋን ማሠልጠኛና እስክትሠለጥን የምትኖርበትን ደመወዝ አብሮ ሊቆጥር ግድ ይለዋል። ይህን የበጎ አድራጎት ሥራ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የፍትሕ ዕዳ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን ርዕስ ስታስተምሩ ከቡና ለቃሚዎቹ አንዲቱን ጋብዙና በቅድሚያ እርስዋ ትናገር።