ስለ ጀግና ለታናናሾቻችን ስንነግራቸው

ሕፃናትን «ጀግና ማን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው አብዛኞቹ ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ይነግሩናል። አገርን ከጠላት መጠበቅ በእርግጥ ጀግንነት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ይህን ብቻ ከሰማ ጀግንነት እርሱ የማይደርስበት ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ሕፃናትን የምናስተምር ወጣቶች የሰውን ሕይወት የታደጉትንም ልናስተዋውቃቸው ይገባናል።

ለምሳሌ ወ/ሮ አበበች ጎበናን እንመልከት። አባታቸውን በጣልያን ወረራ ጊዜ ያጡት ገና ሕፃን ሳሉ ነው። አድገውም አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ወሎ ወደሚገኘው ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ። በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃንም አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና 5 ሊትር ጠበል ነው። ያንኑ ለተራቡት አካፈሉ፤ ሕፃኗንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘውም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ።

ይህ ያለ ዋጋ አልሆነም። ወ/ሮ አበበች ስለ ልጆቹ ሲሉ ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተዋል። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት እጅግ ብዙ ሕፃናትን አሳድጓል፤ አስተምሯል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስንነግር ከመጨረሻው አንጀምር። «ብዙ ሺህ ልጆች አሳደጉ» ብለን ብንጀምር ልጁ ይደነቃል እንጂ «እኔም እችላለሁ» አይልም። ከዳቦውና ከሁለቱ ልጆች እንጀምር። ዋጋ መክፈላቸውንም አንደብቅበት፤ መልካም ሥራ ሁልጊዜ የሚመሰገን ከመሰለው፣ ሰው የነቀፈው ዕለት ይተወዋልና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኋላ ብዙዎች ረድተዋቸዋል። ነገር ግን የመጀመሪያዋን ሎሚ ብድግ የሚያደርግ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ከትረካው በኋላ ልጆቹን እንዲህ እንጠይቃቸው፦ ያን ዕለት በእጃቸው ምን ነበር? ምን ተዉ? በእናንተስ ክፍል ምሳ ሳይዝ የሚመጣ፣ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አለ? መልሱን ከእነርሱ አፍ እንስማ። የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ግን በቃል ብቻ አንቀበል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንዳደረጉ እንጠይቃቸው። እኛም አብረን እንመልስ።