ሥዕል እንደ መጽሐፍ ሲነበብ
የሚላሬፓ ሕይወት በአንድ ጨርቅ ላይ

በዛሬው የሥነ ጥበብ ትምህርት ዓምዳችን የቲቤት ቡድሂስቶች የአንድን ቅዱስ ሰው ሕይወት በሥዕል የሚተርኩበትን ዘዴ እናያለን። ሥዕል ይዞ ክፍል መግባት የመምህር የዘወትር ሥራ ነውና ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ሀ/ ታንካ ምንድን ነው?

ታንካ በጥጥ ጨርቅ ላይ የሚሳልና ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሥዕል ነው። ሠዓሊው በመጀመሪያ ጨርቁን በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጥረዋል። ቀጥሎ ጠመኔና ሙጫ ቀላቅሎ ይቀባውና እስኪለሰልስ ድረስ ይፈትገዋል። የጥንቱ ቀለም በአብዛኛው ከተፈጨ ማዕድን የሚዘጋጅ ነው። በመጨረሻም ዙሪያው በሐር ጨርቅ ይታቀፋል። ተጠቅልሎ ለመጓዝ ስለሚመች ተራኪዎች ከመንደር መንደር ይዘውት እየዞሩ፣ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሥዕሉን በዘንግ እያመለከቱ ያስተምሩበት ነበር። እንግዲህ ጥቁር ሰሌዳ ባልነበረበት አገር ይህ ጥሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አይደል?

ለ/ ታሪኩ

ሚላሬፓ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት በቲቤት የኖረ ባሕታዊና ባለቅኔ ነው። ታሪኩን በሰፊው ያሳወቀው ጻንግንዮን ሄሩካ እ.ኤ.አ. በ1488 ያዘጋጀው ገድል ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ይከተላሉ።

ገድሉ እንደሚለው ሚላሬፓ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። አጎቱና አክስቱ ንብረቱን ወርሰው እናቱን፣ እህቱንና እሱን እንደ አገልጋይ ያሠሯቸው ጀመር። እናቲቱም በቂም ነዳ ልጇን ድግምት እንዲማር ላከችው። እሱም ተምሮ በአጎቱ ልጅ ሠርግ ቀን ቤቱን አስደረመሰ፤ 35 ሰዎች አለቁ። ቀጥሎም በረዶ አዝንሞ የመንደሩን አዝመራ አስመታ።

ከዚህ በኋላ ግን ጸጸት ያዘው። ማርፓ ወደሚባለው መምህርና ተርጓሚ ሄደ። ማርፓም ትምህርቱን በቀላሉ አልሰጠውም። ብቻውን ግንብ እንዲገነባ ያዘዋል፤ ገና ሳያልቅ «አፍርሰህ ድንጋዩን ከነበረበት መልስ» ይለዋል። ይህ ተደጋገመ። ጀርባው ቆሳሰለ። በመጨረሻ የተሠራው ባለ ዘጠኝ ደርብ ግንብ ነው።

ትምህርቱን ካገኘ በኋላ በየዋሻው ብቻውን ኖረ። ሳማ ቀቅሎ እየበላ ሰውነቱ አረንጓዴ ሆነ ይባላል። ብርዱን የሚከላከለው በአንዲት የጥጥ ኩታ ብቻ ስለነበር «ሬፓ» ማለትም ጥጥ ለባሽ ተባለ።

ሐ/ ሥዕሉ እንዴት ይነበባል?

1ኛ/ ከመካከሉ እንጀምር። በትልቁ የተሳለው ሚላሬፓ ነው። ነጭ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይዘምራል። ትልቅነቱ ክብሩን እንጂ ቁመቱን አያሳይም።

2ኛ/ በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ ትርኢቶች እንይ። ያው አንድ ሰው አሥር ቦታ፣ ሃያ ቦታ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ድንጋይ ተሸክሟል፣ እዚያ ሳማ ይቀቅላል፣ ወዲያ ደግሞ አጋዘን፣ ውሻና አዳኝ ከፊቱ ተቀምጠዋል። አጋዘኑ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ ወደ እሱ የመጣ ነው፤ ቀስተኛው ጎንፖ ዶርጄም ተቆጥቶ መጥቶ ደቀ መዝሙር ሆኖ ቀርቷል።

3ኛ/ በትርኢቶቹ መካከል መስመር የለም። የሚለያቸው ቋጥኝ፣ ደመና፣ ወንዝ ወይም የቤት ግድግዳ ነው።

4ኛ/ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ አይደለም። ተመልካቹ ልብሱንና ቦታውን እያየ ራሱ መከተል አለበት።

መ/ ዋናው ቁም ነገር

ታዲያ ሠዓሊው ያንን የፈረሰ ቤት ለምን ሳለው? ቅዱሱን ለማክበር ከሆነ የሞቱትን ሰዎች መተው ይችል ነበር። አልተወም። ከፍርስራሹ ሥር ያሉት ሬሳዎችና መካከል ላይ የተቀመጠው ዘማሪ በአንድ ጨርቅ ላይ አብረው ይታያሉ። ጥፋቱ አልተፋቀም፤ ሰውየውም በጥፋቱ ብቻ አልተለካም። አንድ ትርኢት ብቻ ቆርጦ ያየ ሰው ነፍሰ ገዳይ ብቻ ያያል፤ መካከሉን ብቻ ያየም የመጣበትን መንገድ አያውቅም። አንድን ተማሪ በአንድ ቀን ጥፋቱ ለመመዘን ስንቸኩል ይህን ጨርቅ እናስታውስ።

የማርፓንም ነገር በጥንቃቄ እንየው። ገድሉ መከራውን የሚያስረዳው የነፍስ ግድያ ዕዳ ማጠቢያ አድርጎ ነው፤ ማርፓም ተደብቆ ያለቅስ ነበር ይላል። ይህ ግን በክፍል ውስጥ ለሚፈጸም ጭካኔ ምክንያት ሊሆነን አይገባም። የማርፓ ሚስት ዳግሜማ የልጁን ቁስል ታክም፣ ታበላውና ታጽናናው ነበር። ያለ እሷ ሚላሬፓ እስከ መጨረሻው መጽናቱ ያጠራጥራል።

ሠ/ የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድን ሰው በአንድ ሥዕል ላይ ደጋግሞ መሳል ለትረካ ምን ይጠቅማል?
2. ድንበር ያልተሰመረበትን ሥዕል ለተማሪዎች ስታሳዩ በምን ጥያቄ ትጀምራላችሁ?
3. የምታውቁትን የአንድ ሰው ታሪክ መርጣችሁ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በስድስት ትርኢቶች ንደፉ። ከስድስቱ አንዱ ባለታሪኩ የተሳሳተበት ቀን ይሁን።