ከደጃችን ስለሚወጣው ጥራጊ

በማለዳ ቤትህን ጠርገህ ጥራጊውን በከረጢት አስረህ ከደጅ ባወጣህ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል፤ ቤቱ ጸድቷልና። ነገር ግን ያ ከረጢት ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀህ ታውቃለህን?

በአዲስ አበባ የምትኖር እንደ ሆንህ፥ የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማችበት የኖረውን ስፍራ በስሙ ታውቀዋለህ፤ ቆሼ ይባላል። ከክምሩ ሥር በጭቃ ቤት የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከጥራጊው መካከል የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ይተዳደሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በምሽት ክምሩ ተናደ፥ ቤቶቹንም ከነሰዎቹ ቀበረ። የሞቱት ከ110 ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ልጆች ነበሩ። 3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሆነ። ስንቶቻችን ግን «ከዚያ ክምር የእኔ ድርሻ ስንት ነበር?» ብለን ጠየቅን? እኔ በዚያን ጊዜ አልጠየቅሁም፤ በሹማምንት ላይ ብቻ ፈረድሁ።

እንግዲህ ልብ በል። ከየቤታችን ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ይኸውም የሽንኩርት ልጣጭ፥ የጎመን ግንድ፥ የቡና አተላ፥ የሻገተ እንጀራ፥ የግቢ ቅጠል ነው። ይህ ሁሉ ከምድር የወጣ ነውና ወደ ምድር ቢመለስ ይጠቅማል። ነገር ግን በላስቲክ ታስሮ፥ ሌላ ጥራጊ ተጭኖት፥ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ በ100 ዓመት ልክ ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከ25 እጥፍ በላይ ዓለምን ያሞቃል። ደግሞም እርጥቡ ከደረቁ ሲደባለቅ ወረቀቱን ያበላሻል፥ ሊሸጥ የሚችለውንም ሁሉ የማይረባ ያደርገዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በዚያው በቆሼ አጠገብ ተመርቋል፤ እርጥብ ልጣጭ ግን እንደ ደረቅ እንጨት አይነድድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። በማድ ቤትህ 2 ዕቃ አኑር፤ አንዱ ለእርጥቡ፥ አንዱ ለደረቁ ይሁን። ጥቂት ግቢ ቢኖርህ እርጥቡን ከጥላ ሥር ከምረው፤ በላዩም ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ አብዝተህ አልብሰው። አየር እንዲገባው በየሳምንቱ ገልብጠው። ተጨምቆ እንደ ተተወ ጨርቅ ርጥበት ይኑረው እንጂ ውኃ አይቋጥር፤ ቢሸትህ ውኃ በዝቶበታልና ደረቅ ጨምርበት። ሥጋና ቅባት አታግባበት፥ ውሻና አይጥ ይጠራብሃል። በጥቂት ወራት ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ጎመን ብትተክልበት ታየዋለህ። በፎቅ ላይ የምትኖር ወንድሜ ግን ቀዳዳ ባለው ባልዲ ይህንኑ ማድረግ ትችላለህ።

ለደረቁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው አንዳንዱ በንቀት ያየዋል። እርሱ ግን እኛ የጣልነውን ጠርሙስና ቆርቆሮ ገዝቶ ወደ መርካቶ ያደርሳል፤ በምናለሽ ተራም ባለ እጆች ከአሮጌ ብረት ምድጃ ያወጣሉ። እባክህ፥ በአክብሮት ጥራው፤ ዋጋውንም እስከ ሳንቲም አትከራከረው። ላስቲክን በግቢህ አታቃጥል፤ ጢሱ መርዝ አለበት፥ የጎረቤትህም ሕፃን ይተነፍሰዋል።

በመሥሪያ ቤትም ወረቀቱን በሁለት ገጹ ጻፍበት። ለስብሰባ በሰው ልክ ሃይላንድ ከመደርደር፥ ውኃ በጆግ ከብርጭቆ ጋር ይቅረብ። ወደ ገበያም እንደ እናቶቻችን ዘንቢል ይዘህ ውጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋልና አሁን ሕግም ያዝሃል።

በዓል ሲደርስ ደግሞ የበጉን ፈርስ ወደ ቦይ የሚደፋ ሰው ብዙ ነው። ፈርስ የታኘከ ሣር ነው፤ ስለዚህ በክምርህ መካከል በደረቅ ቅጠል ሸፍነህ ቅበረው። ቆዳውንም ሳያድር ጨው ነስንሰህ ለሚሰበስበው ነጋዴ ስጠው።