የአዲስ አበባው ቤት የራሱን ኑዛዜ ይፈልጋል

እስቲ ያንን አንቀጽ እንደገና አንብቢልኝ። «በየትም ቦታ የሚገኝ ንብረቴ ሁሉ ለባለቤቴ፣ እሱ ከሌለ ለልጆቼ» ነው የሚለው? የሜሪላንዱ ጠበቃ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ይህ ወረቀት ከአንቺና ከሁለቱ ምስክሮች ፊርማ ጋር ይበቃል። አያት ያለውን ቤት ግን በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር አስተላለፍኩ ብለሽ ፋይሉን እንዳትዘጊው። አያድርገውና አንቺ ያለፍሽ እንደሆነ፣ ልጆችሽ በማያውቁት ከተማ፣ አጥርተው በማያነቡት ቋንቋ፣ ከችሎት ችሎት ሲንከራተቱ ማሰቡ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቤት የሚዳኘው በቆመበት አገር ሕግ ነው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ኑዛዜሽን ቢያጸድቀውም፣ ያንን ውሳኔ ይዞ ክፍለ ከተማ ሄዶ ካርታ ማዞር አይቻልም። የውጭ አገር ፍርድ አዲስ አበባ ላይ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ፍርዱ የመጣበት አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽም እንደሆነ ይጠይቃል። ትርጉሙ አለ፣ የኤምባሲው ማኅተም አለ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ማረጋገጫ አለ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ፣ ኪራዩን ማን እንደሚቀበል አስቢው።

ስለዚህ ለኢትዮጵያው ንብረት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ኑዛዜ በአማርኛ ጻፊ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዱን አስቀምጦታል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለው አንቺና አራት ምስክሮች ባላችሁበት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ራሱ ኑዛዜው ላይ ይሰፍራል፤ ሁላችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ። «በፊታችን ተነቧል» የምትለው ቃል ከተረሳች ኑዛዜው ፈራሽ ነው፤ በዚህች ብቻ ስንት ቤተሰብ እንደተካሰሰ! ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። ለዚህ ነው ክረምት ስትመጪ መጀመሪያ ውልና ማስረጃ እንሂድ የምልሽ፤ ሌላው ጉዳይ ይደርሳል።

እስከዚያው ባዶ እጅሽን አትቀመጪ። በራስሽ እጅ የምትጽፊው ኑዛዜም በሕጉ የታወቀ ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የራስሽ የእጅ ጽሑፍ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናገሪ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፈሽ ፈርሚ። ቀኑን «05/07» ብለሽ እንዳትተዪው። አሜሪካ ግንቦት ሰባት ይሉታል፣ ሌላው ሐምሌ አምስት ይለዋል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ መጋቢት አምስት ሊሆን ነው። ወሩን በፊደል ጻፊው፣ ዓመተ ምሕረቱን ከነ እ.ኤ.አ. አጣምሪው። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ሰባት ዓመት ደግሞ ሳይታወቅ ያልፋል።

አሁን ካርታውን አምጪው። እዪ፣ እዚህ ስምሽ ከነአባትሽና ከነአያትሽ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርትሽ ላይ ግን የባልሽ የቤተሰብ ስም ገብቷል፣ የአያትሽ ስም የለም። ልጆችሽ ደግሞ የአባታቸውን አያት ስም ነው የያዙት። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እነዚህን ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ እናትና ልጅ መሆናችሁን ከየት ይወቀው? ኑዛዜው ላይ ሁለቱንም ስሞችሽን ጻፊ፣ የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸውን ግለጪ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት አረጋግጠሽ ከኑዛዜው ጋር አስቀምጪ። «አያት ያለው ቤቴ» ብቻም አይበቃም፤ የካርታውን ቁጥር፣ ወረዳውን፣ ስፋቱን እንዳለ ገልብጪ።

ልጆቹ አሜሪካ ተወልደው የአሜሪካ ዜጋ ሆነዋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ግን ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ቢጫ ካርድ ሊያወጣ ይችላል፤ ካርዱን የያዘ ደግሞ ቤት ከመያዝ አይከለከልም። ዛሬ አንቺ በሕይወት እያለሽ፣ ወረቀትሽ ሁሉ በእጅሽ እያለ ማውጣቱ ይቀላል። ለሐዘን መጥተው ሰልፍ አይያዙ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ይህን ልብ በዪ። ባል ወይም ሚስት በእኛ ሕግ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የራሱ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ንብረትን ሁሉ የጋራ አድርጎ ይገምታል። ይህ ቤት ግን ከመጋባታችሁ በፊት፣ ሌሊት ተረኛ እየሆንሽ በላክሽው ብር የተሠራ ነው። የግል ነው ከተባለ፣ ልጆችሽን አብሮሽ ያሳደገ ሰው ሐምሳ ሳንቲም አይደርሰውም። ዕድሜ ልኩን እንዲኖርበት ወይም ኪራዩን እንዲበላ ከፈለግሽ ቃሉን ማስፈር ያለብሽ አንቺ ነሽ። አሜሪካ ባልና ሚስት አብረው የያዙት ቤት በራሱ ወደ ቀሪው ስለሚያልፍ፣ እዚህም እንደዚያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ከልጆቹ አንዱን ዝም ብሎ መዝለልም አይሠራም። ሜሪላንድ ላይ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅን ያለ ምክንያት መተው ይቻላል። እዚህ ግን ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ መነገርና ምክንያቱም መጻፍ አለበት። ቤቱን ለአንዷ ብቻ ልትሰጪ ካሰብሽ ሕግ አዋቂ ጠይቂ፤ በግምት አትጻፊው።

ወንድማችን ውክልና አለው ብለሽ እንደምትጽናኚ አውቃለሁ። ውክልና አንቺ እስካለሽ ነው። ባለቤቱ ባረፈ ማግስት ወኪሉ ባንክ ሄዶ «ከእንግዲህ አያገለግልም» ሲባል አይቻለሁ፤ በሟቹ ስም የተዋዋለው ተከራይም ኪራይ ለማን እንደሚከፍል ግራ ገባው። ለእማማ ምሳ ላይ «ይህ ቤት የትንሿ ነው» ያልሻትም ኑዛዜ አይሆንም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ከሦስት ወር አያልፍም፣ በሕጉ የተፈቀደለት የገንዘብ ልክም 500 ብር ነው። ቤት አይሸከምም።

ወደ ጠበቃሽ ወረቀት ልመልስሽ፤ ይኸኛው መስመር ከሁሉም ያስፈራኛል። «ከዚህ በፊት ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» ይላል። አሜሪካኖቹ በየኑዛዜው መግቢያ የሚያስገቡት የተለመደ ሐረግ ነው። ክረምት አዲስ አበባ ላይ ለፍተሽ ያስመዘገብሽውን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሜሪላንዱን ስታድሺ በዚህች መስመር ልታፈርሺው ትችያለሽ። ለጠበቃው ንገሪው፦ መሻሩ በኢትዮጵያ ያለውን ንብረት የሚመለከተውን ኑዛዜ እንደማይነካ ይጻፍ። የአማርኛው ላይም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ንብረት ብቻ መሆኑ ይስፈር።

ባለቤትሽም የራሱን ይጻፍ፣ ግን በራሱ ወረቀት። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ቢናዘዝ ሕጋችን ዋጋ አይሰጠውም፤ ባልና ሚስት ቢሆኑም። ወንድማችንን ውርስ አጣሪ አድርገሽ ሰይሚው፣ ቅጂም ስጪው። ምስክር ግን አታድርጊው፤ ከውርሱ የሚጠቀምም ሆነ የሚያጣራ ሰው እዚያ ላይ ባይፈርም ይሻላል። ምስክሮቹን እኔ እፈልግልሻለሁ፤ አንቺ የአውሮፕላን ትኬቱን ስትቆርጪ ቀኑን ላኪልኝ።