በከፍታ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት በሚሠራበት ጊዜ ሕዝቡ አጣናውን ተሸክሞ፥ ድንጋዩን አቅርቦ፥ ጭቃውን አቡክቶ ይረዳል። ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥራው ጠባዩን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ የተሳሳተ ሠራተኛ ጣቱን ቢቀጠቅጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተሳሳተ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሰው በወደቀም ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ወይም «ራሱ ቸኩሎ ነው» ይባላል። ዳሩ ግን ነገሩ በሚገባ ቢመረመር፥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወደቀው ሰው እግር ሳይሆን መወጣጫውን ባቆመው ሰው እጅና ሥራውን ባዘዘው ሰው ዝምታ ነው።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ስለ ደሙ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና። የኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ የመስጠቱንና ስለ አደጋው የማስተማሩን ግዴታ በአሠሪው ላይ አድርጎታል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን ዕቃ እንዲጠቀምበት ያዝዛል።

አስቀድሞ የመውደቅን ኀይል ማስተዋል ይገባል። ከ5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ3 ሜትር ቢወድቅ እንኳ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መምህሩ ይህን ሒሳብ ለከፍተኛ ክፍል ልጆች በሰሌዳ ላይ ቢያሠራ፥ «ዝቅተኛ ነው፥ ምንም አይል» የሚለው አነጋገር ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ራሳቸው ያገኙታል።

በኢትዮጵያ መወጣጫ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከባሕር ዛፍ አጣና ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ ቀጥ ብሎና ፈጥኖ ማደጉ ለዚህ ሥራ አስመርጦታል። ነውር ግን አለው፤ እርጥብ ሳለ የተመታ አጣና በፀሐይ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ይሰነጠቃልም፤ ትናንት አጥብቆ የያዘው ሚስማር ዛሬ ይላላል። ስለዚህ ሰኞ የቆመ መወጣጫ ዐርብ ያው መወጣጫ አይደለም። በየማለዳውና ከዝናብ በኋላ፥ ማንም ሳይወጣበት፥ ለዚሁ የተመደበ አንድ ሰው ቋሚውንና ማሰሪያውን ሁሉ እየነቀነቀ ሊያየው ያስፈልጋል። አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ቋሚው እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ይደረግለታል። አግዳሚው በሚስማር ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከበታቹ ደጋፊ ቍራጭ እንጨት ይመታለታል፤ ቋሚዎቹም በሰያፍ አጣና ይያያዛሉ፥ መወጣጫውም ከቤቱ ጋር ይታሰራል። የሚረገጠው ሳንቃ ያለ ክፍተት ጎን ለጎን ይነጠፋል፥ ጫፉም እንዳይነሣ ይታሰራል። ከሳንቃው በላይ በ1 ሜትር ገደማ፥ በወገብ ልክ፥ መከታ አጣና ይመታል፤ በመካከሉም ሌላ ይጨመራል። ይህ መከታ የሚቀረው አጣና ጠፍቶ ሳይሆን «ለጥቂት ቀን ነው» እየተባለ ነው።

መሰላልም የራሱ ልክ አለው። የሚደገፍበት ቦታ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ቢል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ ጫፉም ከሚወጣበት ቦታ 1 ሜትር ያህል አልፎ ይታሰራል። የሚወጣው ሰው ዕቃውን በገመድ ያስስባል እንጂ በእጁ ይዞ አይወጣም።

ቆርቆሮ በሚመታበት ጊዜ ከሁሉ የሚያስፈራው ነፋስ ነው፤ አንድ ሰው የያዘው ቆርቆሮ እንደ ሸራ ሆኖ ሰውየውን ይዞት ይሄዳልና፥ ነፋስ በበረታ ቀን ሥራውን ማቆየት ይሻላል። በተመታ ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ ሰው የሚስማሩን ረድፍ ተከትሎ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው በዚያ ነው። ብርሃን እንዲያስገባ የሚደረገው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ግን የሰው ክብደት ይሸከማል ተብሎ ከቶ አይረገጥም።

መወጣጫው ከጸና በኋላ ቀበቶና ቈብ ይከተላሉ፤ በፊቱ ግን አይቀድሙትም። ይህንንም በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ነገር ያስረዳል። ጎልደን ጌት የሚባለው ድልድይ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1933 እስከ 1937 ሲሠራ፥ የመሐንዲሶቹ አለቃ ጆሴፍ ስትራውስ ከሠራተኞቹ በታች መረብ አዘረጋ፤ 19 ሰዎችም ወድቀው በመረቡ ተይዘው ዳኑ። ነገር ግን በ1937 በየካቲት ወር 12 ሰዎች የቆሙበት መወጣጫ ተላቅቆ ወደቀ፤ መረቡም ሰው ሊይዝ እንጂ መወጣጫ ሊይዝ አልተሠራምና ተቀደደ፥ ከእነርሱም 10 ሞቱ።

በመንደር ሥራ ላይ ትእዛዝ የሚሰማው ከሽማግሌዎችና ከመምህሩ ነው። ወጣቱ ያለ መያዣ በቀጭን እንጨት ላይ ሲራመድ ከታች ያሉት «ጎበዝ!» ይሉታል፤ ሁለተኛውም ምስጋናውን ፈልጎ ይከተለዋል። አንድ የተከበረ ሽማግሌ «ልጄ፥ ውረድ፤ መከታው ሳይመታ ሥራ የለም» ቢል ግን የሚያሳፍረው ፍርሃት ሳይሆን ድፍረት ይሆናል። ተማሪዎችም ሚስማር ለማቀበል እንኳ እንዲወጡ አይፈቀድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው የወደቀ እንደ ሆነ፥ እጅና እግሩን ይዞ ፈጥኖ ማንሣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጀርባው አጥንት ተሰብሮ እንደ ሆነ በዚያው ሽባ ሊሆን ይችላልና። የሚፈስ ደም ቢኖር በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑታል፤ የሚበላና የሚጠጣ አይሰጡትም፤ ሐኪም እስኪደርስ ራሱንና አንገቱን ደግፈው ባለበት ያቈዩታል። መንገዱ ሩቅ ሆኖ መሸከም ግድ ከሆነ፥ ራሱና አንገቱ፥ ወገቡም ሳይታጠፍ በአንድነት ወደ ሰፊ ሳንቃ ያዛውሩታል፤ ከሚያነሡትም መካከል አንዱ ራሱን ብቻ ይይዛል፥ «አንሡ» የሚለውም እርሱ ነው።